ፍላሹ እግሩን ይታጠብ

አባቴ ለሰው «እምቢ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ይህን የምለው ላመሰግነው አይደለም፤ ያ ጠባዩ ኮምፒውተራችንን አፈር ሊያስገባው ስለነበር ነው። እኔ በበኩሌ እምቢ ለማለት የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺ ልጅ፣ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ትከለክያለሽ» ትለኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ቤቴል ባለው ቤታችን የቀረነው ሁለታችን ነን፤ ሁሉን የሚቀበል አባትና ሁሉን የምትጠራጠር ልጅ።

ሥራዬም ጠባዬን አላሻሻለውም። ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም፣ የሰው ሽንትና የሰው አክታ ስመረምር እውላለሁ። ጓንት ሳላጠልቅ አንዲት ብልቃጥ አልነካም። ባልደረቦቼ «አንቺማ ስታገቢም ቀለበቱን ከጓንቱ ላይ ነው የምታጠልቂው» እያሉ ይቀልዱብኛል። እንዲህ የሆንኩት ሰው ማታ ቤቴ ስገባ ኮምፒውተራችን የሰፈሩን ፍላሽ ሁሉ ባዶ እጁን ሲጨብጥ ውሎ አገኘዋለሁ።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ለአንድ ሥልጠና ነበር። ሥልጠናው አለቀ፣ ኮምፒውተሩ ሳሎን መስኮት ሥር ቀረ፣ አባቴ ወረሰው። አባቴ ኮልፌ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት አራተኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ጓደኞቹ ዳማ ያዙ፤ እሱ ተማሪዎቹን መጻፍ ያዘ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንቀጽ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት በራሱ ፎልደር አንድ ፋይል። ስም አይጽፍም። «ስምማ መዝገብ ላይ አለ፤ እኔ የማስታውሰው መቀመጫቸውን ነው» ይላል።

አንዱን አንቀጽ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ሦስተኛ ረድፍ፣ በግድግዳው በኩል። ዝናብ ሲጥል ትምህርት የማይገባው ልጅ። ሁልጊዜ እቆጣው ነበር። የቤታቸው ጣሪያ እንደሚያፈስ የሰማሁት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው።» ይህን ሳነብ አባቴን አዲስ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ቤት ውስጥ ስለ ሥራው ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የሚጽፈው በሁለት ጣት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «አማርኛዬን ለመጻፍ የፈረንጅ ፊደል ልለምን?» እያለ ይበሳጭ ነበር፤ ቀስ በቀስ ለመደው። ከዚያ ዓይኑ ታመመ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እናቆየዋለን አለን። አባቴ ያን ቀን ከሐኪም ቤት መልስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ፊደሉን አተለቀው፤ ከወር በኋላ ደግሞ አተለቀው፤ በመጨረሻ ገጹ ላይ ሦስት ቃል ብቻ የሚታይበት ደረጃ ደረሰ። ሠላሳ ስድስተኛውን ዓመት ሲጨርስ «በቃ፣ አደረስኳቸው» አለኝ። እንደገና ልጻፈው ቢል የሚያይበት ዓይን እንደማይኖረው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያለው አንድ ቅጂ ነው፤ እሱም እዚያች ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

አሁን ፕሪንተሩን ልጨምርበት። ሰፈራችን ውስጥ ፕሪንተር ያለበት ቤት የእኛ ብቻ ነበር። ሥራ ፈላጊው ሲቪውን፣ እናት የልጇን የቤት ሥራ፣ ማኅበርተኛው የጥሪ ወረቀቱን በፍላሽ ይዞ፣ ወረቀቱንም ከቤቱ አምጥቶ ይመጣል። ግማሾቹ የአባቴ የድሮ ተማሪዎች ናቸው። «መምህር፣ አስቸገርንዎት» ሲሉት «ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ችግር አለው» ይላል። ፍላሹ ግን ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት የት የት አድሮ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ፌርማታው አጠገብ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት መቶ ሰው የሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የወጣ ነው።

አንድ ቀን «የውጭ ፍላሽ ማስገባት ክልክል ነው» ብዬ በትልቁ ጽፌ ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፍኩ። ከሥራ ስመለስ ወረቀቱ የለም።

«አባዬ፣ የለጠፍኩት የት ሄደ?»

«ቀደድኩት።»

«ለምን?»

«ይህ ቤት ነው ኬላ?» አለኝ።

እንደምንም ብዬ ግን የቫይረስ መከላከያ ፕሮግራም ጫንኩ። አባቴም አልተቃወመም፤ «እሱ ይጠብቅ፣ እኛ እንግዳ እንቀበል» አለ። እኔም ተኛሁ። ዘበኛ የቀጠረ ሰው እንደሚተኛው ዓይነት እንቅልፍ ነው የተኛሁት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቴ ከሳሎን ጠራኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ነይ እስኪ እዪልኝ፣ ተማሪዎቼ አይከፈቱም» አለ። ሄጄ አየሁ። የሠላሳ ስድስቱ ዓመት ፎልደሮች ስማቸው አለ፤ ስነካቸው ግን ውስጣቸው ምንም የለም። እያንዳንዱ ፎልደር ወደ ሾርትከት ተለውጧል፤ በሩ ብቻ ቀርቶ ቤቱ የፈረሰ ማለት ነው። ሌላ የማላውቃቸው ፋይሎችም እንደ አሸን ፈልተዋል። ዘበኛዬን ፈለግኩ። ጠፍቷል፤ ማለቴ ሰው አጥፍቶታል።

«ማነው መከላከያውን ያጠፋው?» ጮህኩ።

አባቴ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ጎረቤታችን የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መሪ ናት፤ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ የአባቴ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪ። የመዝሙር ወረቀት ልታትም ፍላሿን ይዛ መጣች። ፍላሹ ሲገባ መከላከያው ጮኸ፤ ገጹም ቀይ በቀይ ሆነ። ለአፉ ለከት የሌለው ፕሮግራም ነው፤ እንግዳ አለ፣ ትልቅ ሰው አለ አይልም። ሴትዮዋ ደነገጠች። አባቴ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እኔ ማተብ ያሰርኩ ሰው ነኝ፣ እሷ የወንጌል አማኝ ናት» አለኝ። «መዝሙሯን ይዛ ደጄ መጣች። ማሽኑ በሰው ፊት ሌባ ሌባ አለባት። መዝሙሬን ነው የሰደቡት ብትልስ?»

«እሺ፣ አንተ ዓይንህ በደንብ አያይም፤ እንዴት አድርገህ አጠፋኸው?»

«እኔማ መች አውቅበታለሁ» አለ። «አጥፊልኝ አልኳት፣ እሷው አጠፋችልኝ።»

ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅኩም። ሌባው ራሱ ዘበኛውን «አንተ ሂድና ተኛ» ብሎ ያሰናበተበት ቤት የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሷ እንኳ ምን ታድርግ፣ ምንም የምታውቀው ነገር የለም፤ መምህሯ ያዘዛትን ፈጸመች። ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን በር የሚከፍተው ለሰው ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ረጋ ብዬ አላሰብኩም፤ ተንጨረጨርኩ። ከዚያ ሁሉ ብሶ ያቃጠለኝ አባቴ አለመቆጣቱ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ይሁን እንግዲህ፣ እኔ ጽፌአቸዋለሁ» አለ። «ይሁን እንግዲህ» ሲል ከዚያ በፊት የሰማሁት እናቴን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው።

የማውቀው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ደወልኩ። ችግሩን ሳልጨርስለት «ፎርማት ይደረጋ» አለኝ። ለሱ ከጉንፋን እስከ ስብራት መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ፎርማት ማለት ደግሞ ቤቱን ከነዕቃው አቃጥሎ ትኋኑን መግደል ነው። ስልኩን ዘጋሁበት። ራሴ አድነዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ኢንተርኔት ላይ «ነፃ ማጽጃ» የሚል አገኘሁ፤ ከማን እንደሆነ ሳላይ አወረድኩት። ረጅም ዝርዝር አወጣልኝና ምን ላድርግ አለኝ። ሳላነብ «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩ።

የአንዱን በሽተኛ ውጤት ሁለቴ ሳላይ የማልፈርም ሰው ይህን አደረግኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ለመልቀምም አልታደልኩም።

አባቴ በመጨረሻ «አስኮ የምትኖር አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ነው የምታስተምረው» አለ። እሁድ ከሰዓት ታክሲ ቀያይራ መጣች። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ የአባቴን ትከሻ ሳመች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «መጀመሪያ አንቺ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ» አለችኝ። ወደድኳት።

ሁለት ሰዓት ሠራች። ቫይረሱ ፋይሎቹን አላጠፋቸውም፣ ደብቋቸው ኖሯል። አንድ በአንድ እያወጣች ስትከፍታቸው እኔ ከኋላዋ ቆሜ እቆጥር ነበር። አንዱ ዓመት ተከፈተ፣ ሌላው ተከፈተ፣ አባቴም «እ?» ይላል፣ «ተከፈተ» እለዋለሁ፣ «ተመስገን» ይላል። ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ።

አባቴ ለጸሎት ወደ ጓዳ ሲገባ የኮሌጅ አስተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «አንዱ የለም። ቫይረሱ አይደለም ያጠፋው፤ ያ አንቺ ያወረድሽው ማጽጃ ነው። ልመልሰው ሞክሬ ነበር፣ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል።»

«የትኛው ዓመት ነው?»

ዓመቱን ነገረችኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እኔም የአባቴ ተማሪ ነበርኩ፤ አራተኛ ክፍልን የተማርኩት ከእሱ ዘንድ ነው፤ የጠፋው ያ ዓመት ነበር። ፋይሉን አንብቤው አላውቅም። የሌሎቹን ልጆች ዓመት እየከፈትኩ ሳነብ የራሴን አልፈው ነበር፤ ምን እንዳለኝ ማወቅ እፈራ ነበር።

አባቴ ተመልሶ መጣና «እንዴት ሆነ?» ሲል «ሁሉም ተገኝቷል» አልኩት። አስተማሪዋ አየችኝና ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች። አባቴ ገጹን ማንበብ እንደማይችል አውቄ ነው የዋሸሁት። ያፈርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ አስተማሪዋ ትምህርቷን ሰጠችን። የነበረን ዊንዶውስ የተሰረቀ ቅጂ ስለነበር አንድም ቀን ታድሶ አያውቅም፤ እውነተኛውን ጫነችልንና «ላድስ ሲልሽ እሺ በዪው፣ ነገ አትበዪው» አለችኝ። ለእንግዳ የሚሆን ሌላ መግቢያ ከፈተች፤ በዚያ የገባ ሰው ማተም ይችላል፣ የአባቴን ፋይሎች ግን አይደርስባቸውም። ለቅጂ የሚሆን ሌላ ዲስክ እንድገዛ አዘዘችኝና «ገልብጠሽ ስትጨርሺ ነቅለሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት፤ ተሰክቶ የሚውል ቅጂ ቅጂ አይደለም፣ አብሮ ነው የሚታመመው» አለች። ከማይታወቅ ቦታ ምንም ነገር እንዳላወርድ ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም፤ ጨዋ ሰው ናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ቢሆንም ሁሉንም ጻፍኩ።

መከላከያውን መልሳ ስታበራ ግን አባቴ እጁን አነሣ። «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ይህ ነገር በሰው ፊት መጮሁን ካልተወ እኔ ነገም አስጠፋዋለሁ። ከአሁኑ ልንገራችሁ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። አስተማሪዋ ቀደመችኝ። «መምህር፣ ፍላሹ ሳይመረመር እንዲገባ ግን አንችልም» አለችው።

አባቴ አሰበ። «እኔ ባደግኩበት ጎጃም እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩ ይታጠባል» አለ። «ቆሽሸሃል ብሎ የሚያጥበው የለም። መንገዱ አቧራ ስለሆነ ነው፤ ደክሞ ስለመጣ ነው። ንጉሥም ቢመጣ ይታጠባል። እንዲያውም ሳይታጠብ ቢገባ የሚያፍረው ባለቤቱ ነው። ይኸም ፍላሽ እግሩን ይታጠብ።»

አስተማሪዋ ወዲያው ወደ ማሽኑ ዞረች። ድምፁን አጠፋች፣ ቀዩን ማስጠንቀቂያ በፊት ለፊት እንዳይወጣ አደረገች፣ የሚገባው ፍላሽ ሁሉ ማንም ይሁን ማን ሳይከፈት ተፈትሾ እንዲጸዳ አደረገችው። እኔ በወረቀት ያልቻልኩትን አባቴ በአንድ ንግግር ጨረሰው። ቀናሁበት፣ አልዋሽም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣ አባቴ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ፍላሽህን ለልጄ ስጣት፣ እግሩን ታጥበው» ይላል። እንግዳው ይስቃል፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ዓመታት ሙሉ ስለ ንጽሕና ሳስተምር ያልሰማኝ ሰፈር አሁን ራሱ «አጠባችሁት?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን ፌርማታው አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ አንዲት ሴት ለሠራተኛው «ከማስገባትህ በፊት እግሩን እጠብልኝ እንጂ» ስትል ሰማሁ። ሠራተኛው ግራ ገብቶት ነበር። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ለብቻዬ ስስቅ ሄድኩ።

መዘምራን መሪዋም መጣች። አባቴ ቫይረሱ ከፍላሿ የመጣ ነው ብዬ ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እሷ ግን ጉዳዩን ከሰው ሰምታለች። ፍላሿን በሁለት እጇ እያቀበለችኝ «የእኔስ በውኃ ብቻ አይለቅም፣ ሳሙናም ጨምሪበት» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ወረቀቶቿ እየታተሙ ሳለ አባቴ አጠገብ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን ልጅ አፍራ «መምህር፣ ሰው እንደሚለው ከሆነ እኛን ሁሉ ጽፈውናል፤ እኔን ምን ብለውኝ ነው?» አለችው።

«አንብቢላት» አለኝ።

ዓመቷን ከፍቼ አነበብኩላት። «ሁለተኛ ረድፍ፣ መሐል። ሲዘመር ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። ዝም በዪ ብያት ነበር። አለማለት ነበረብኝ።» ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ያን ጊዜ አልነገርኩዎትም እንጂ፣ ዝም በዪ ሲሉኝ አልሰማሁዎትም ነበር» አለች፤ አባቴ ሳቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺንስ ምን ብለውሻል?»

ክፋት የለባትም፣ እንዲያው ጠየቀችኝ። ሳምንታት ሙሉ ይህን ውሸት ይዤ ነበር የምተኛው፤ አባቴ «የሳምንቱን ቅጂ ገለበጥሽ?» ባለኝ ቁጥር «አዎ» ብዬ ወደ ማድ ቤት እሸሽ ነበር። ሌላ ውሸት መጨመር አቃተኝ።

«የእኔ ዓመት የለም» አልኩ። «አባዬ፣ ሁሉም ተገኝቷል ያልኩህ ዋሽቼ ነው። ሠላሳ አምስቱ ነው የተገኘው። የእኔን ዓመት ያጠፋሁት ራሴ ነኝ፤ ቸኩዬ፣ ሳላነብ ተጭኜ።»

አባቴ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲቆጣኝ ፈልጌም ነበር። እሱ ግን «አላነበብሽውም ማለት ነው?» አለኝ።

«አላነበብኩትም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ፤ ጻፊ።»

ሴትዮዋ ልትነሣ ስትል «አንቺም ቁጭ በዪ፣ የሚደበቅ ነገር የለም» አላት። አዲስ ገጽ ከፈትኩ። አባቴ ድሮ የቃል ጽሕፈት ሲያነብ በነበረበት ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ እያረፈ ተናገረ። እኔም ጻፍኩ።

«አራተኛ ረድፍ፣ በበሩ በኩል። ልጄ ናት። እጇን ከሁሉ ቀድማ የምታወጣ እሷ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠራኋትም። ለልጁ ያዳላል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ከጥር በኋላ እጇን ማውጣት ተወች። አይቻለሁ። መልሱን ታውቅ ነበር።»

ጣቶቼ ፊደል መፈለግ አቃታቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባቴ ያን ጊዜ አላየኝም ብዬ ነው የኖርኩት። አይቶኝ ነበር። እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠራርጌ ገጹን አስቀመጥኩ፤ ተንቀሳቃሹን ዲስክም ከቁም ሳጥን አምጥቼ እዚያም ገለበጥኩት። ሴትዮዋ ወረቀቷ ታትሞ አልቆ እንኳ አልተነሣችም።

«ጻፍሽው?» አለ አባቴ።

«ጻፍኩት።»

«የቀሩት አርባ ስድስት ልጆች ናቸው፤ ቀስ እያልን እንደርስባቸዋለን።» ግንባሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ከአንቺ ጎን የምትቀመጠው ልጅ… እርሳስ አልቆባት በጥፍሯ ዴስኩ ላይ የምትጽፈው… ምን ነበር ጠባይዋ? ጠፋብኝ። አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እሺ፣ ንገሪን» አለ አባቴ።